ትራሴን ያስተማርሁበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ወድቆ መስተዋቱ ቢሰነጠቅ፣ ገበያው ዳር ካለች አንዲት የሞባይል ጥገና ቤት ገባሁ። ቤቷ ሁለት ሰው ከያዘች ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጠጋኙ ጎረምሳ አንገቱን ደፍቶ በጋለ ቀጭን ብረት የሰው ስልክ ሆድ ዕቃ ይነካካል። የመበየጃው ሊድ ሲቀልጥ፣ የሙጫው ጢስ ብትን ብሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ከነምርኩዜ ልጅ ሆንሁ።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ ጎረምሳው።

«የለም፤ ልጅነቴ ትዝ ብሎኝ ነው» አልሁት።

ጢሱን አየ፤ ሽበቴን አየ፤ ራሱን ነቅንቆ ስልኬን ተቀበለኝ። ምን ይፈረድበታል? እኔ ባደግሁበት አገር እንኳን ሊድ፣ እሳትም ከጎረቤት ነበር የሚጫረው።

ግን አልዋሸሁትም። ሰው ሁለት ጊዜ ልጅ ይሆናል ይባላል። የመጀመሪያውን ልጅነቴን ዲማ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ፈጀሁት፤ ስለሱ ቁንጫውና ውሻው ይመስክሩ። ሁለተኛው የመጣው ስልሳን ካለፍሁ በኋላ፣ በአንድ ክረምት ነው። እንደገና ፊደል የቆጠርሁበት፣ እንደገና የተቆጡኝ፣ እንደገና ጥግ ይዤ ያለቀስሁበት ክረምት ነው። የምጽፈው እሱን ነው።

ዲማ ንባቡን ዘለቅሁ፤ ዜማውን ነካካሁ፤ ቅኔ ቤት ስደርስ ግን ነገሩ እንቢ አለኝ። የኔታ አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ የሰማኸውን ሁሉ ትይዛለህ፤ ከያዝኸው ግን አንዱም አይገባህም» ብለው አሰናበቱኝ። ያንን ቃላቸውን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ገና አልገባኝም።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ መጥቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የናፍጣ ሞተር ጎን ቆሜ የሰው እህል ሳስፈጭ ኖርሁ። ሞተሩ እንጀራዬን ሰጠኝ፤ ጆሮዬን ወሰደ። ግራው ጨርሶ ተዘጋ፤ ቀኙ ጮኸው ካልጠሩት አይነቃም።

ባለቤቴ አትጠገብ ትባላለች፤ የቁይ ልጅ ናት። ስሙን ያወጣላት ሰው አላበለም። ድምጿ ሞተሩን ይረታ ነበር። ምሳዬን ይዛ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ትቆምና «አንተ ድንጋይ! ብላ እንጂ!» ስትል፣ ሊያስፈጭ የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ዱቄት ያቦናል። እንግዲህ ያቺ ሴት ናት አንድ ቀን ጠዋት የተቀቀለ ድንች አቅርባልኝ «ይብሉ እንጂ አንቱ፤ ይቀዘቅዛል» ያለችኝ።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። በስተርጅና መከበር ጀመርሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ በላሁ። ለጎረቤትም አወራሁ። ማን እንደሆንሁ እየጠፋባት መሆኑ የገባኝ «እናቴ ዘንድ ልሂድ» ማለት ስትጀምር ነው። እናቷን እኔው ራሴ ቆሜ ካስቀበርኋቸው ስንት ክረምት አልፏል።

ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ ትነሣለች። ነጠላዋን ትደርባለች፤ በሩን ትከፍታለች፤ ትወጣለች። ከወጣች በኋላ ዞራ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች። ያደገችበት ሥርዓት ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋባት በር መዝጋት አልጠፋባትም። ከዚያ የቁይን መንገድ ትይዛለች። እኔ ደህናውን ጆሮዬን ትራስ ውስጥ ቀብሬ አንኮራፋለሁ።

ለምን አትቆልፈውም ትሉኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ቆለፍሁት። ስነቃ መሬት ተቀምጣ በጥፍሯ የሳንቃውን ጠርዝ ትቧጥጣለች። ጣቶቿ ደምተዋል። «እማዬ፣ አሰሩኝ» ትላለች። ቁልፉን ጉድጓድ ውስጥ ወረወርሁት። ሌላ ጊዜ ደግሞ በሩ ሥር ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ፤ ተራምዳኝ ሄደች። እንኳን ሚስት፣ ፍየልም እንደኔ ያለውን ዘበኛ ይራመዳል።

ልጃችን ገነት ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። ስልክ ላይ እየጮኸች ታናግረኛለች፤ ግማሹ ስለማልሰማ ነው፣ ግማሹ ስለምትናደድ።

«አባዬ! እማዬን መንገድ ላይ አገኘናት ብለው አንድ ቀን ከደወሉልኝ መጥቼ ነው የምወስዳት! የእኔ ግቢ አጥር አለው፤ ሠራተኛም አለች!»

«እኔስ?»

«አንተም ትመጣለህ!»

«እኔ አጥር አልወድም» አልኋት።

የፈራሁት አጥሩን አልነበረም። እዚህ ቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ብልጭ ይልላት ነበር። ሚጥሚጣው የት እንደተቀመጠ ጠፍቶኝ ስርመሰመስ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ከቁም ሣጥኑ በላይ፣ አንተ ድንጋይ» ትለኛለች። ያን ቀን ሙሉ እያንጎራጎርሁ እውላለሁ። ያቺ «አንተ ድንጋይ» የምትኖረው በዚህ ቤት ግድግዳና በዚህ ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ሌላ ቤት ከወሰዷት አብራት አትሄድም። እኔን የሚያውቀኝ ሰው ከምድር ላይ ያልቃል ማለት ነው።

በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነበረች፤ የአማኑኤል ከተማ ልጅ። ስሟ ትዕግሥት ነው። ወላጅ ስም ሲያወጣ የሚመኘውን ነው እንጂ የወለደውን አይደለም።

«በሩ ሲከፈት ትራሴን የሚነቀንቅ ነገር ሥሪልኝ» አልኋት።

በዚያው ቀን በሩ ጠርዝ ላይ ማግኔት፣ መቃኑ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመች። ስልክን ቫይብሬት የሚያደርጉ ትንንሽ ሞተሮች ከተበላሹ ስልኮች ነቅላ፣ አንድ ላይ አስራ፣ ትራሴ ውስጥ ሰፋች። በሩ ተከፈተ፤ ትራሱ ተንዘፈዘፈ። አትጠገብ ወጥታ በሩን ዘጋችው፤ ትራሱ ጸጥ አለ። ነገሩ ከዓይን ጥቅሻ አልረዘመም። እኔን ለማንቃት እንኳን ጥቅሻ፣ የደብር ደወልም አይበቃም።

ትዕግሥት ጭንቅላቷን እከክ እከክ አደረገች። «ይኼ ነገር ማስታወስ አለበት፤ በሩ ቢዘጋም ‹ተከፍቶ ነበር› ብሎ ይዞ፣ እርስዎ እስኪነሡ የሚነቀንቅ።»

ከሣጥኗ የመዳፍ ግማሽ የማታክል ሰማያዊ ሰሌዳ አወጣች። ማይክሮ ኮንትሮለር ናት አለችኝ። በኮምፒውተር ትእዛዝ ይጻፍላታል፤ በሽቦ ይወርድላታል፤ ከዚያ ሰው ሳይነካት የታዘዘችውን ስትሠራ ትኖራለች። ስሟ ስለረዘመብኝ ደቂቅ አልኋት።

«እኔ ልጻፍልዎት፤ አሁኑኑ ያልቃል» አለች።

«አይሆንም። አንቺ ተከራይ ነሽ፤ ነገ ተዛውረሽ ትሄጃለሽ። ሲበላሽ ማንን ልጠራ ነው? አስተምሪኝ።»

«አባባ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ይችላሉ?»

«ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ስንት ዘመን ሳነበው ኖርሁ።»

«ምን ይላል?»

«የሚለውንማ አላውቅም። ግን አነበዋለሁ።»

እንዲህ ሆኜ ተማሪ ቤት ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ በትዕግሥት በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ አትጠገብ በሩ አጠገብ ሆና ጎርፉን ታያለች። ክፍሏ የቀለጠ ሊድና የእርጥብ ጫማ ሽታ ይሸታል። መብራት በሄደ ቁጥር ትምህርት ይቋረጣል፤ በመጣ ቁጥር የተማርሁት ይቋረጣል።

ምን ያልሠራሁት ጅልነት አለ! ትእዛዙ ከኮምፒውተሩ ወደ ደቂቅ «ይወርዳል» ብላኝ የለ? እኔ የወፍጮ ሰው ነኝ፤ እህል ከላይ ካልተሰቀለ ወደ ድንጋዩ እንደማይወርድ አውቃለሁ። ላፕቶፑን በሁለት እጄ አንሥቼ ጭንቅላቴ ላይ አደረግሁት።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለች ደንግጣ።

«እንዲወርድ ነዋ።»

ኮምፒውተሩን ከእጄ ተቀብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ታለቅስ ይሁን ትስቅ አላወቅሁም።

የመጀመሪያው ትምህርት ደቂቅ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል ብልጭ ድርግም ማስደረግ ነበር። ሲሳካልኝ አምፖሏ የደከማት መሰለኝና ከዚህ በላይ አታድክሚያት ብዬ ለመንሁላት። አንድ ቀን ብልጭ ድርግም እያለች ሳለ መብራት ሄደ፤ ጠፋች። ያስተማርናት ሁሉ ፈሰሰ ብዬ አዘንሁ። ማታ መብራት ሲመጣ ግን፣ ማንም ሳይነካት፣ ካቆመችበት ቀጠለች። ጨለማ ውስጥ ውላ አንዲት ትእዛዝ አልረሳችም። ትዕግሥት ደስ ይለዋል ብላ ፊቴን ታያለች። እኔ አትጠገብን አየኋት። ጎርፉን እያየች ነበር። ያን ማታ እራት አልበላሁም።

ትልቁ ጠባችን ግን በመማሪያው መንገድ ላይ ነበር። ዲማ መጀመሪያ ንባብ ነው፤ ትርጉሙ በኋላ ይመጣል፤ ካልመጣም እንደኔ ወፍጮ ቤት ይኬዳል። ስለዚህ የደቂቅን ትእዛዝ እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝሁት። ቁም ንባብ ከነዜማው! «ቮ-ይ-ድ ሉ-ፕ፣ ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ…» እያልሁ ግቢውን ስዞር፣ ጎረቤት «አያ፣ የማን ድርሳን ነው?» ይለኛል።

«አባባ፣ ይኼ አይሸመደድም። ይገባል እንጂ» ትላለች ትዕግሥት።

«መጀመሪያ ይያዝ፤ ከተያዘ ወዴት ይሄዳል?»

«ምን እንደሚል ሳያውቁት ይዘውት ምን ሊያደርጉ?»

«ሰው ዕድሜ ልኩን የሚጸልየው ገብቶት ነው?»

ይኼን ጊዜ ስሟን የሚያስክድ ነገር ትናገራለች።

ከሁሉ የከበደኝ የማስታወሱ ነገር ነበር። በመጨረሻ ወደ ሥራዬ ወሰደችኝ። ወፍጮ ቤት የተፈጨውን ጆንያ የምቆጥረው በጣሳ ነበር፤ አንድ ጆንያ ሲያልቅ አንድ ጠጠር ጣሳው ውስጥ ጠብ። «ደቂቅም ጣሳ አላት እንበል» አለች። «መጀመሪያ ጣሳዋ ባዶ ነው። በሩ ሲከፈት አንድ ጠጠር ትጥላለች። ጠጠሩ እስካለ ትራሱን ትነቀንቃለች። በሩ ተዘጋ አልተዘጋ አያገባትም። እርስዎ ተነሥተው፣ እዚያ ግድግዳው ላይ የምንገጥመውን መጫኛ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ ጠጠሩ ይወጣል።»

ገባኝ። በሕይወቴ ንባቡ ሳይቀድም ትርጉሙ የገባኝ ይኼ ብቻ ነው። ተነሥቼ ግንባሯን ሳምኋት።

«አሁን ልብ ያድርጉ» አለች። «ትእዛዙ ሁለት ክፍል ነው። ከላይ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፤ ‹ጣሳው ባዶ ነው› የምትለዋ መሥመር እዚያ ትገባለች። ከሥር ያለው ግን ዙር ነው፤ ሲያልቅ ይጀምራል፤ ሲያልቅ ይጀምራል፤ ማቆሚያ የለውም። መሥመሮቹ ይኸው ወረቀቱ ላይ አሉ፤ ነገ ኮምፒውተሩ ላይ አብረን እንጽፋቸዋለን።»

ነገ የሚባለው ሳይደርስ ከአማኑኤል ተደወለላት፤ አባቷ ታመዋል። ላፕቶፑን ለኔ ትታ፣ «እስክመለስ አይነካኩት» ብላኝ ሄደች። ጠበቅኋት። በመካከሉ አትጠገብ ሁለት ጊዜ ወጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎረቤት ከመታጠፊያው መለሳት። ገነት ሳትሰማ ነገሩ እስከ መቼ ይቆያል? ላፕቶፑን ከፈትሁት።

አንዲት ጣት፣ አንዲት ፊደል፣ አንዲት ፊደል፣ አንዲት ጣት። ከወረቀቱ የያዝሁትን እያዜምሁ ጻፍሁት። «ጣሳው ባዶ ነው» ከምትለዋ የመጀመሪያ መሥመር ስደርስ ግን እጄ ቆመ። መክፈቻዋ ናት። ትዕግሥት ከላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የምትነበበው ላይ ትግባ ብላለች። ታዲያ ዙሩ ያለ መክፈቻ ሊደገም ነው? ዲማ ማን እንዲህ ያስተምራል? ሺህ ጊዜ ብትደግም፣ ሺህ ጊዜ ከበስመ አብ ትነሣለህ። መክፈቻ የዘለለ ጀርባው ይቆጠቁጠዋል። ልጅቱ የዘመን ልጅ ናት፤ ሥርዓት አታውቅም አልሁና፣ መሥመሯን በክብር አውርጄ በዙሩ ራስ ላይ አስቀመጥኋት።

ከበሩና ከትራሱ ሽቦ ጋር ወደተያያዘችው ደቂቅ አወረድሁት፤ ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ዝም ካለማ ተቀብሎታል።

በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወደ አልጋዬ ሮጥሁ፤ ሮጥሁ የምለው ከራሴ ዕድሜ ጋር አወዳድሬ ነው። ጆሮዬን ትራሱ ላይ ጣልሁ። ይንዘፈዘፋል! ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ይነቀንቀኛል! በደስታ ብዛት በሩን ዘግቼ መሞከሩን ረሳሁት። የማስታወሻ መሣሪያ ሠርቼ መሞከሪያውን የረሳሁ ሰው ነኝ። ለገነት ደውዬ «ከእንግዲህ እናትሽ ያለ እኔ ፈቃድ ደጅ አትወጣም» አልኋት። ያን ሌሊት በወጣትነቴ እንኳን ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ ትራሱ አይደለም። የባጃጅ ሾፌር ነው፤ አልጋዬ ድረስ ገብቶ ትከሻዬን ይዞ ይጮኻል። «አባት! የእርስዎ ናቸው?»

ዶሮ ተሸክመው ወደ ገበያ ሲወርዱ የነበሩ ሴቶች ወንዙ ዳር አግኝተዋት ነው። ነጠላዋ ጭቃ ሆኗል፤ የግራ እጇ አንጓ አብጧል። ከንፈሯ በብርድ ገርጥቷል። «እናቴን አላገኘኋትም» አለች ለሾፌሩ። ወጌሻ መጥቶ እጇን ሲመልሰው ጩኸቷን በደህናው ጆሮዬም፣ በሞተውም ሰማሁት።

ገነት ይኼን ጊዜ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ስለተናገረች ሁለቴ አስደገምኋት። «ለመስቀል መጥቼ እወስዳታለሁ፣ አባዬ» ነበር ያለችው።

ትዕግሥት ስትመለስ ነገርኋት። ተቆጥታ ልትጮኽ አፏን ከፈተችና የአትጠገብን እጅ ስታይ ዘጋችው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ድንች መላጥ ጀመረች። «መብራት የለም፤ ላፕቶፑም ሞቷል። የጻፉትን በቃልዎ ይበሉልኝ» አለች።

ቆሜ አዜምሁላት። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቅንፉን ሳልዘል፣ ነቁጡን ሳልውጥ። ቢላዋዋ ድንቹን እየዞረ ይወርዳል። ከአንድ ቦታ ስደርስ ቢላዋዋ ቆመ።

«እዚያ ላይ ይድገሙት።»

ደገምሁት።

«ዙሩ ውስጥ ነው ያስገቡት? ‹ጣሳው ባዶ ነው› የሚለውን?»

«መክፈቻው አይደለም እንዴ? ያለ መክፈቻ እንዴት ይደገማል?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አባባ፣ በየዙሩ ጣሳውን ይደፉታል እኮ። ጠጠሩ ይገባል፤ ዙሩ ሲመለስ ይደፋል። በሩ ክፍት እስካለ አዲስ ጠጠር ስለሚገባ የሚያስታውስ ይመስላል። በሩ ሲዘጋ ግን የቀረ ነገር የለም። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የምትጀምረው።»

«የማትረሳ ላስተምር ሄጄ የምትረሳ አስተማርሁ በይኛ» አልሁ። ልስቅ ነበር። አትጠገብ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ፣ የታሰረ እጇን ወደ ብርሃኑ አንሥታ፣ «ይኼ የማን ነው?» አለች።

መብራት ሲመጣ አንዲት መሥመር ወደ ላይ አወጣን። ከዚህ ሌላ የሠራነው የለም። ትዕግሥት በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፤ እኔ አልጋው ላይ ነኝ። ትራሱ ይነቀንቀኛል። በሩ ተዘግቷል፤ ትራሱ ይነቀንቀኛል። ቁልፉን ተነሥቼ እስክጫን አላቆመም። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስሁ፤ መስቀል ገና ነበር፤ ገነት መጥታ ስታይ ትተዋታለች ብዬ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ትራሱ ቀሰቀሰኝ። በባዶ እግሬ ጫማ ፍለጋ ስንደፋደፍ፣ በሩ በሥርዓት ተዘግቷል። መንገዱ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ደረስሁባት። ልጠራት ነበር፤ ተውሁት። ፈጠን ብዬ በቀኝ ጆሮዬ በኩል አድርጌያት እንደ መንገደኛ እኩል መራመድ ጀመርሁ።

«እንደምን አደሩ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። በጠዋት ወዴት ነው?»

«ቁይ፣ እናቴ ዘንድ። አንቱስ?»

«እኔም በዚያው ነኝ።»

«ደግ አገኘሁዎት። ለብቻ ያስፈራል» አለች፤ ቀረብ አለችኝም።

ትንሽ ሄድን። «ከማን ቤት ነው የሚመጡት?» አልኋት። ሚስቴን አንቱ ስላት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ እንጃ። የማን ቤት እንደሆነ አላውቀውም። አንድ ሽማግሌ አለበት።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያየኛል። ስበላ ያየኛል፤ ስተኛ ያየኛል። ጠባቂ ሳያደርጉት አይቀርም። እንቅልፍ ሲወስደው ነው የምወጣው።»

«ይመታዎታል?»

«ኧረ! እጁ እንኳ አይነሣም። ግን የማላውቀው ሰው ነው። ሴት ልጅ ከማታውቀው ወንድ ጋር እንዴት አንድ ቤት ታድራለች? ያስፈራኛል።»

«ባል የለዎትም?»

«አለኝ እንጂ!» ድምጿ ያን የጥንቱን መሰለ። «ወፍጮ ቤት ነው። ግን ደንቆሮ ነው፤ ብጠራው ብጠራው አይሰማኝ። ቢሰማኝማ መጥቶ ይወስደኝ ነበር።»

ጭጋጉ ከማሳው ላይ ይነሣል፤ ባቄላው አብቧል። እሷ ስለ እናቷ ጓሮ ጌሾ ታወራለች። ሲደክማት፣ ወንዙ ሞልቷል፣ እኔ ቤት ትንሽ እንረፍና እንሄዳለን አልኋት። እሺ ብላ እጄን ያዘችኝ። እጄን እንደያዘች በጠዋቷ ፀሐይ ተመለስን። ግቢው በር ስንደርስ ቆመች። እጇን ከእጄ አወጣች።

«ሽማግሌው ያለው እዚህ ነው» አለች።

«ዛሬ የለም» አልኋት። «ሄዷል።»

«ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

ገባች። ተኛች። እኔ አልገባሁም፤ ትዕግሥት ደጃፍ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ።

«ሠራ አይደል?» አለችኝ ጥርሷን በመፋቂያ እየፋቀች። «ሲወጡ አይቻለሁ። ሠርቷል!»

«ሠርቷል» አልኋት።

ስልኬን አውጥቼ ለገነት ደወልሁ። መስቀልን አትጠብቂ፣ ነይና ውሰጃት አልኋት።

በሁለተኛው ቀን መናኸሪያ ወረድን። ገነት ሻንጣውን አስጭና፣ እናቷን መስኮት ጋ አስቀምጣ፣ ዓይኗን በነጠላ ጫፍ ትጠርጋለች። እኔ ከአውቶቡሱ በር ሥር ቆሜያለሁ። አትጠገብ ጎንበስ ብላ አየችኝና ፊቷ በራ።

«አንቱም በዚሁ ነዎት? ይግቡ እንጂ! ጠጋ እላለሁ።» ተጠጋች። በደህናው እጇ መቀመጫውን መታ መታ አደረገችልኝ።

«አባዬ፣ ና በቃ» አለች ገነት። «አልጋ አለ፣ ሁሉ አለ። ና።»

አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አወጣሁ። ወንበሩ የኔ ልክ ነበር። ባሕር ዳር እስክንደርስ ድረስ ደግ መንገደኛ ነኝ፤ እናቷ ጓሮ ስላለው ጌሾ ታጫውተኛለች፤ ምናልባትም ትከሻዬ ላይ ትተኛ ይሆናል። ከዚያ መኪናው ይቆማል፤ ቤት እንገባለን፤ ሲመሽ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ይኖራል።

«አባት፣ ይገባሉ አይገቡም? ሰው እየጠበቀ ነው» አለ ረዳቱ።

እግሬን አወረድሁ። «ሙላው» አልሁት።

አንዲት ቅርጫት ያቀፈች ሴት በጎኔ አልፋ ገባች። አትጠገብ የበለጠ ጠጋ አለችላትና «እንደምን አደሩ» አለቻት።